«ጎ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ በኃላፊ ጊዜ ለምን «ዌንት» ይሆናል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «እንዲሁ በቃል ያዙት» ብሎ ማለፍም አላረካኝም። «ሲንግ» የሚለው ግስ በኃላፊ ጊዜ «ሳንግ» ሲሆን ተነባቢዎቹ ሳይነኩ አናባቢው ብቻ ስለሚለወጥ፣ የአማርኛን የግስ እርባታ ለለመደ ተማሪ ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። «ጎ» ግን በኃላፊ ጊዜ «ዌንት» ይሆናል፤ ሁለቱ ቃላት የሚጋሩት አንድ ድምፅ እንኳ የለም። ሦስተኛው ቅርጽ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ «ጎን» ይሆናል። የዚህ መነሻው ምንድን ነው? ከዚህም ሌላ «ሃዝ ጎን» እና «ሃዝ ቢን» የሚባሉትን ተማሪዎች ስለሚያቀላቅሏቸው፣ ልዩነቱን አጥርቶ የሚያስረዳን ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ መልስ

«ዌንት» ድሮ የሌላ ግስ ኃላፊ ጊዜ ነበር። ያ ግስ «ዌንድ» ይባላል፤ ጥንታዊ ትርጉሙ መዞር ወይም ማዞር ሲሆን፣ ፊትን ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ከሚለው ሐሳብ ተነሥቶ መጓዝ የሚል ፍቺ አገኘ። «ሴንድ» በኃላፊ ጊዜ «ሴንት»፣ «ሌንድ» «ሌንት»፣ «ቤንድ» «ቤንት» እንደሚሆን ሁሉ «ዌንድ»ም «ዌንት» ይሆን ነበር። ስለዚህ «ዌንት» በገዛ ቤቱ ሥርዓቱን የጠበቀ ቃል ነው፤ እንግዳ የመሰለው ወደ ሌላ ቤት ከገባ በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በደቡባዊው የእንግሊዝ ክፍል የ«ጎ» ኃላፊ ጊዜ ሆኖ ጸና። «ዌንድ» በበኩሉ «ዌንደድ» የሚል አዲስ ኃላፊ ጊዜ ተበጀለት፤ ዛሬ ግን በዝግታ መንገድን መቀጠል በሚል ስሜት ከሚነገር ፈሊጥ ውጭ እምብዛም አይሰማም።

«ጎን» ከ«ጎ» ጋር አንድ ሥር አለው። በጀርመንኛ «ጌኤን»፣ በሆላንድኛ «ኻን» የሚባሉት ግሶችም የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ጊዜን ለመግለጽ «ከዚህን ያህል ዓመት በፊት» ስንል የምንጠቀምበት «ኧጎ» እንኳ የተገኘው ከዚሁ ሥር ነው፤ መነሻ ትርጉሙም «አልፎ የሄደ» ማለት ነው።

ለተማሪዎችዎ ግን ከሁሉ በፊት የራሳቸውን ቋንቋ ቢያሳዩአቸው መልካም ነው እላለሁ። በአማርኛ «መጣ»፣ «ይመጣል»፣ «መምጣት» እንላለን፤ ትእዛዝ ላይ ስንደርስ ግን «ና»፣ «ነዪ»፣ «ኑ» እንላለን እንጂ ከ«መጣ» ሥር አንወስድም። ስንከለክል «አትምጣ»፣ በአክብሮት ስንጋብዝ ደግሞ «ይምጡ» ብለን እንደገና ወደ መጀመሪያው ሥር እንመለሳለን። «ነው»፣ «ነበረ» እና «ይሆናል» የሚባሉትም በትርጉም አንድ ቤተሰብ ሆነው በቅርጽ የተለያዩ ናቸው። «ና» እና «መጣ» አለመመሳሰላቸውን አስተውሎ የማያውቅ ተማሪ በ«ጎ» እና በ«ዌንት» የሚደነቅበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ መልስ

በዚህ ማብራሪያ ላይ አንድ ነገር መታከል አለበት፤ እንደ እኔ እምነት ዋናው ነገርም እርሱ ነው። ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው «ጎ» ቀድሞ ከራሱ ሥር የወጣ ኃላፊ ጊዜ ነበረውና «ዌንት» ቦታውን ቀማው ብሎ ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግሱ «ጋን» ሲሆን ኃላፊ ጊዜው «ኤኦዴ» ነበር፤ ይህም ከ«ጋን» ሥር የወጣ አይደለም። ግሱ ከጥንት ጀምሮ ኃላፊ ጊዜውን ከሌላ ሥር ሲዋስ የኖረ ነው፤ የተለወጠው አበዳሪው ብቻ ነው። በሰሜን፣ በተለይም በስኮትላንድ፣ ተናጋሪዎች ሌላ መንገድ መርጠው ከራሱ ከግሱ «ጌድ» የሚል መደበኛ ቅርጽ አበጁ።

ይህን የመሰለ ቅርጽ ለምን አይስተካከልም ለሚለው መልሱ አዘውትሮ መነገሩ ነው። እምብዛም የማይነገር ግስ ቅርጹ ስለሚረሳ ተናጋሪው በደንቡ መሠረት ያረባዋል፤ ለምሳሌ «ሄልፕ» ድሮ በኃላፊ ጊዜ «ሆልፕ» ይባል ነበር፣ ኋላ ግን በደንቡ «ሄልፕድ» ሆነ። እርግጥ ነው፣ «ሄልፕ»ም ብርቅ ቃል አይደለም፤ ሆኖም እንደ «ጎ» በየዓረፍተ ነገሩ የሚመላለስ አይደለም። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሕፃናት «ጎድ» የሚሉበት ዘመን አላቸው፤ ነገር ግን «ዌንት»ን በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚሰሙ ብዙም ሳይቆዩ ይተዉታል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የ«ና» ምሳሌ በተለይ ለክፍሌ የሚሆን ነው። «ሃዝ ጎን» እና «ሃዝ ቢን» ግን እስካሁን አልተነኩም። በተጨማሪም «ጎይንግ ቱ» የሚለው የመሄድ ቃል የወደፊት ጊዜ ማመልከቻ የሆነው እንዴት እንደሆነ ብትጨምሩልኝ።

ሦስተኛ መልስ

የመጀመሪያውን ጥያቄ አማርኛ ራሱ ይፈታልዎታል። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ለንደን» ማለት «ለንደን ሄዷል» ማለት ነው፤ ሰውየው እዚህ የለም። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ለንደን» ማለት ግን እንደ አገባቡ «ለንደን ሄዶ ያውቃል» ወይም «ለንደን ደርሶ መጥቷል» ማለት ነው። መመለሱ የታወቀ ከሆነ «ቢን»፣ ገና እዚያው ከሆነ «ጎን» እንደሚባል ተማሪዎች በእነዚህ የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ቢለማመዱ ደንቡን መሸምደድ አያስፈልጋቸውም።

«ጎይንግ ቱ» መጀመሪያ ትክክለኛ ጉዞን ይገልጽ ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ለማድረግ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው ለማለት ነበር የሚነገረው። ለማድረግ የሚሄድ ሰው ድርጊቱን ገና አልፈጸመውም፤ ሊፈጽመው ግን አስቧል። አድማጩ ከጉዞው ይልቅ ሐሳቡን እየያዘ ስለሄደ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አነጋገሩ ያለ ምንም ጉዞ ወደፊትን ብቻ ማመልከት ጀመረ። ዛሬ «አይ አም ጎይንግ ቱ ስቴይ» ማለት ይቻላል፤ የመሄድ ግስ ከመቆየት ግስ ጋር ሳይጋጭ መቆሙ የጉዞው ትርጉም ፈጽሞ እንደለቀቀው ያሳያል። በንግግር «ጎና» ተብሎ የሚያጥረውም ይህኛው ብቻ ነው። «አይ አም ጎና ስሊፕ» ይባላል፤ «አይ አም ጎና ለንደን» ግን አይባልም፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ግሱ ዛሬም እውነተኛ መሄድ ነው። በአማርኛ የሚቀርበው «ሊ... ነው» የሚለው አገባብ ነው፤ ደመናው ከብዶ ያየ ሰው «ሊዘንብ ነው» ሲል እንግሊዝኛው በ«ጎይንግ ቱ» ይናገረዋል።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪዎች «ወደ ቤት» የሚለውን እያሰቡ «ጎ ቱ ሆም» ይላሉ፤ ትክክለኛው ግን «ጎ ሆም» ነው። «ሆም» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ያለ መስተዋድድ አቅጣጫን ያመለክት ስለነበር ዛሬም «ቱ» አይቀድመውም። እኛም ብንሆን «ቤት ሄደ» እንላለን፤ ከዚያ ቢነሡ ስሕተቱ ቶሎ ይታረማል።