ትወና መጀመር እፈልጋለሁ፤ ጎንደር ሆኜ ከየት ልነሳ?

የማራኪዋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 19 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ማራኪ ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ በሚኒ ሚዲያ ጭውውት እንሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትወና ከልቤ አልወጣም። ባለፈው ወር የሰፈራችን ወጣቶች ባዘጋጁት አጭር ቴአትር የአንዲት ሙሽራ ገጸ ባሕርይ ተሰጠኝ። ቃለ ተውኔቱን በሁለት ቀን በቃሌ ያዝኩት። መድረክ ላይ ስወጣ ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም፣ ማልቀስ የነበረብኝ ቦታ ላይ ደግሞ እንባዬ እምቢ አለ። አዘጋጁ በሰው ፊት «ስሜት የለሽም» አለኝ። ያለቀስኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

በቅርቡ ቴአትሩን በድጋሚ እናሳያለን። ስሜት እንዴት ነው የሚመጣው? ድምፅስ? አዲስ አበባ ካልሄድሽ አይሆንም የሚሉኝ እውነታቸውን ነው? ሌላም አለ፦ ለፊልም ተዋናይ እየመለመልኩ ነው ያለ ሰው ለምዝገባ 3,000 ብር እስከ ዓርብ አምጪ ብሎኛል። ልስጠው ወይ?

ፒያሳ

ከሁሉም በፊት ብሩን እንዳትሰጪ! ፊልም የሚሠራ ሰው ለተዋናይ ይከፍላል እንጂ ከተዋናይ አይቀበልም። ስክሪፕቱን አሳየኝ፣ ከዚህ በፊት የሠራኸውን ንገረኝ፣ ውሉን በጽሑፍ ስጠኝ በዪው። እስከ ዓርብ የሚለው እንዳታስቢበት ሊያጣድፍሽ ነው። ለኦዲሽን ስትጠሪም ቀን በቀን፣ ሰው ያለበት ቦታ ይሁን፤ ወንድምሽን ወይም ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ።

ስለ እንባው፣ እኔ አያቴ የሞተችበትን ቀን አስባለሁ። ይሠራል።

አዘዞ ያደግኩ

እታለም፣ እኔ 14 ዓመት በመድረክ ሠርቻለሁ። «ስሜት የለሽም» የሚለው አነጋገር ስንት ጎበዝ ልጅ ከመድረክ ሲያስወርድ አይቻለሁና ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ስሜት በትእዛዝ አይመጣም። አሁን «ተናደጂ» ብልሽ አትናደጂም። ታናሽ ወንድምሽ ስልክሽን ነጥቆ ቢሮጥ ግን ማንም ሳያዝሽ ትናደጃለሽ። የምትፈልጊው ነገር አለ፣ የከለከለሽም አለ። ተዋናይ የሚያጠናው ያንን ፍላጎት ነው፤ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል።

ይህን ነገር ሥርዓት ያስያዘው ሩሲያዊው ተዋናይና አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪ ነው (1863–1938 እ.ኤ.አ.)። በ1898 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር የሞስኮ የኪነ ጥበብ ቴአትርን አቋቁሞ፣ ተዋናይ አንዱን ቃል በየምሽቱ እየደገመ እንዴት ሕይወት ሊኖረው እንደሚችል ሲመረምር ኖረ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ «ብሆንስ» የምትለው ቃል ናት። ሙሽራ ነኝ ብለሽ ራስሽን ለማሳመን አትታገዪ። «እኔው ራሴ በዚህች ልጅ ቦታ ብሆንስ ምን አደርግ ነበር?» በዪ። ይህን ለመመለስ ሁኔታዋን ማወቅ አለብሽ። ሙሽራውን ታውቂዋለሽ? የዳረሽ ማን ነው? ሚዜዎቹ ደጅ ደርሰዋል ወይስ ገና ናቸው? ከጠዋት ጀምሮ እህል ቀምሰሻል? ጫማው ይጠብሻል? የጫማው ነገር ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል፣ ግን እግርሽ ከታመመ አካሄድሽም አቀማመጥሽም ሳታስቢው ይለወጣል።

አንድ ልምምድ ልስጥሽ። አባትሽ «አዲስ አበባ አትሄጂም» አለሽ፤ መልስሽ «እሺ አባዬ» ብቻ ነው። አንዴ ልታባብዪው በዪ። አንዴ ልታሳፍሪው። አንዴ ወሬውን ልትዘጊ። አንዴ ሳያውቅ ልትሰናበቺው። ቃሉ ያው ነው፤ በሰውየው ላይ የምታደርጊው ነገር ግን በየጊዜው ይለያያል። ስክሪፕትሽ ላይ ከየመስመሩ ጎን ይህንን በእርሳስ ጻፊ። «በሐዘን» ብለሽ አትጻፊ፤ «እንዲያዝንልኝ አደርገዋለሁ» ብለሽ ጻፊ።

በሁለት ቀን በቃልሽ መያዝሽም የጎዳሽ ይመስለኛል። ብቻሽን በመስታወት ፊት ስትሸመድጂ ከቃሉ ጋር ዜማውም አብሮ ይደርቃል። ከዚያ አብሮሽ የሚተውነው ሰው አነጋገሩን ቢለውጥም አንቺ አትሰሚውም። አሜሪካዊው የትወና መምህር ሳንፎርድ ማይስነር ለዚህ የመደጋገም ልምምድ ነበረው። ሁለታችሁ ፊት ለፊት ትቆማላችሁ። አንዱ ያየውን ይናገራል፣ «ነጠላሽ ነጭ ነው»። አንቺ «ነጠላዬ ነጭ ነው» ትያለሽ። እንዲሁ ትመላለሳላችሁ። ለማስዋብ አትሞክሩ። እሱ ሲስቅ፣ ሲሰለቸው፣ ዐይኑን ሲሰብር ያንቺም ድምፅ ራሱ መለወጥ ይጀምራል። ያኔ እየሰማሽው ነው ማለት ነው።

ወንድሜ ፒያሳ፣ የአያትህን ነገር አልንቅም። ስታኒስላቭስኪም የራስን ትዝታ መቀስቀስ ሞክሯል፤ በኋለኛው ዘመኑ ግን ወደ አካላዊ ድርጊት አዘንብሏል። አሜሪካ ውስጥ የትወና መምህሩ ሊ ስትራስበርግ ነው በትዝታው ገፍቶ የሄደበት። ለጀማሪ፣ ያውም አስተማሪ አጠገቧ ሳይኖር፣ እኔ አልመክርም። ትኩስ ሐዘን የቆፈረ ሰው ከመድረክ ሲወርድ ሐዘኑም አብሮት ሊወርድ ይችላል። ደግሞም አያትህን በምታስብበት ሰዓት ፊትህ ያለውን ሰው ትተኸዋል። እንባ ግዴታ አይደለም እህቴ። ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ልብ ብለሽ እዪ፤ አብዝቶ አንጀት የሚበላው እንባውን ለመያዝ የሚታገለው ሰው ነው።

የበዓታ ደቀ መዝሙር

እኔ ተዋናይ አይደለሁም፤ እዚህ በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የማኅሌት ዜማና ሽብሸባ) የተማርኩ ነኝ። ስለ ድምፅ ግን የማውቀውን ልበል። ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ቶሎ ይደክማል። በጀርባሽ ተኝተሽ ሆድሽ ላይ መጽሐፍ አስቀምጪ፤ አየር ስታስገቢ መጽሐፉ ከፍ ይበል፣ ደረትሽ አይነሣ። ስታስወጪ «ስስስ» እያልሽ በእኩል መጠን አውጪ። መጀመሪያ 15 ሰከንድ ይበቃል፣ ቀስ እያለ 30 ይደርሳል። ከዚያ ከንፈርሽን ገጥመሽ «ምምም» በዪ፤ ንዝረቱ ከንፈርሽና አፍንጫሽ ላይ ይሰማሽ። ጉሮሮሽ ካመመሽ አቁሚ፣ አሠራሩ ተሳስቷል።

ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የቀረው ድምፅሽ ብቻ ላይሆን ይችላል። የአማርኛ ነገር ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። «ነገ ከእናንተ ጋር አል...» ብለሽ «ሄድም» የሚለውን ከዋጥሽው ሕዝቡ መሄድሽንም መቅረትሽንም አያውቅም። ብዙ ሰው እስትንፋሱ የሚያልቅበት እዚያው ማሰሪያው ላይ ነው፤ ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመርሽ በፊት ለመጨረሻው ቃል የሚበቃ አየር ያዢ። ማጥበቅና ማላላትም በጽሑፍ አይታይም። «ይበላል» ሲላላ በላተኛው ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ የሚበላው ምግብ ነው። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጊበት። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ፈልገሽ አድምጪ። ድምፁን ለመኮረጅ አይደለም፤ የመጨረሻዎቹን ቃላት እንዴት እንደሚያሳርፋቸው ለመስማት ነው።

አዘዞ ያደግኩ የጻፈው የ«እሺ» ልምምድ ለኛ ሰምና ወርቅ ነው። «እሺ» ሰሙ፣ ልጅቱ የምትፈልገው ወርቁ።

የማራኪዋ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለሰውየው ውል አሳየኝ ብዬ ጻፍኩለት፤ እስካሁን አልመለሰልኝም። «እሺ»ውን ከእህቴ ጋር ሞከርነው፣ ልታሳፍሪው የሚለው ላይ እሷ ራሷ ደነገጠች። እጄስ? እጄ አሁንም ያስቸግረኛል።

አዘዞ ያደግኩ

እጅ የሚያስቸግረው ሥራ ሲፈታ ነው። ቤት ውስጥ ቡና እየለቀምሽ ስታወሪ እጅሽ ትዝ ብሎሽ ያውቃል? ሙሽራዋን ሥራ ስጫት፤ የነጠላዋን ጥለት ታስተካክል፣ የሻንጣዋን ቁልፍ ትፈልግ። ሥራው ከፍላጎቷ ጋር ይገናኝ እንጂ ለማሳመር ብቻ አይሁን። ቅዳሜ ገበያም ሂጂና አንዲት ሴት መርጠሽ ሳታስቸግሪያት እዪያት፤ ክብደቷ በየትኛው እግሯ ላይ ነው? ዋጋ ስትከራከር እጇ ምን ያደርጋል? ቤት ስትገቢ አካሄዷን ብቻ ደግመሽ ሥሪው።

ከጎንደር አዲስ አበባ

እኔም ካንቺ ሰፈር ብዙ ሳልርቅ ነው ያደግኩት፤ አሁን አዲስ አበባ በድራማ እሠራለሁ። ስለ አዲስ አበባ እውነቱን ልንገርሽ። ዲግሪ ከፈለግሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት አለ። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ተዋንያንን በደመወዝ ይቀጥራሉ። ዕድሉ እዚህ ይበዛል፤ የቤት ኪራዩም እንደዚያው። ምንም ሳትሠሪ ከመጣሽ ኪራይ ስታሳድጂ ትከርሚያለሽ። መጀመሪያ እዚያው ሁለት ሦስት ተውኔት ሥሪ። የከተማውን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ስለ ኪነት ቡድን ጠይቂ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ካለሽም መንፈሳዊ ተውኔቱን አትናቂው።

እስከዚያ በስልክሽ ተለማመጂ። መስኮት ፊት ለፊት ቁሚ፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ይረፍ፣ ከኋላሽ ግድግዳ ብቻ ይሁን። ስልኩን በዐይንሽ ልክ አስቀምጪውና ሰው ከስልኩ ጎን ቆሞ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ቃል ያንብብልሽ፤ ሌንሱን ሳይሆን እሱን እዪ። መድረክ ላይ ለመጨረሻው ረድፍ የምታደርጊውን ፊት ለካሜራ ካደረግሽው ይበዛል። ካሜራ ስታስቢም ያይሻል። የጎንደር አነጋገርሽን ደግሞ ማንም እንዳያሳፍርሽ! ሌላ ዘዬ ልመጂበት፣ የራስሽን ግን አትጣዪው።

ሥራ ስታገኚ ክፍያው፣ የቀኑ ብዛት፣ ትራንስፖርቱና ምግቡ ውል ላይ ይጻፍ። ለዘመድም ቢሆን።

የማራኪዋ ልጅ (ጠያቂ)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሰውየው ስልኩን ዘግቷል። ሙሽራዋን እንደገና እያጠናን ነው፤ ሻንጣ ሰጥቼያታለሁ፣ ቁልፉ አልገባ ብሎ ያስቸግራታል። ትናንት ልምምድ ላይ አባቴን የሚጫወተው ልጅ «ተቀመጪ» የሚለውን ሁልጊዜ የሚጮኽበትን ቃል በጣም ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ልመና አለኝ። እንደ ስክሪፕቱ ቆሜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሳላስበው ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ፣ «አልቀመጥም» የሚለውንም ተቀምጬ ነው ያልኩት። አዘጋጁ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እሱን እንዳትለውጪው» አለኝ።