ለሰው ሳይዳረስ ለውሻ መድኃኒት?

ነርስ፣ ከአራት ኪሎ (ጥያቄውን ያነሳችው)
ፋሲካ ደረሰ፤ ግቢያችን ዘንድሮም ቅርጫ ገብቷል። እሑድ በሰፈር ስብሰባ ላይ፣ ለጤና ካዋጣነው ገንዘብ የተወሰነው ለግቢ ውሾች የትል መድኃኒት ይዋል ብዬ ሳቀርብ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። እዚህ እንከራከርበት፦ ሰውና እንስሳ የሚጋሯቸው የትል በሽታዎች ሰውን ብቻ በማከም ይጠፋሉ? እኔ አይጠፉም ባይ ነኝ።

የማስታምመው ከቀዶ ሕክምና የወጡ ሰዎችን ነው። ጉበታቸው ወይም ሳንባቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በቅሎባቸው የሚመጡ አሉ። መነሻው ከውሻ ሰገራ የወጣ፣ ለዓይን የማይታይ የትል እንቁላል ነው፤ በእጅ፣ በውሻው ጠጉር፣ ባልታጠበ ጎመን አፍ ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ ለዓመታት ዝም ብሎ ያድጋል። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ቢፈነዳ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ሊገድል ይችላል። ከዚያ ደግሞ ለወራት አልቤንዳዞል መዋጥ አለ። ይህን ሁሉ ችላ ቤቷ የምትመለሰውን ሴት በር ላይ የሚቀበላት ያው ውሻ ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ ከፒያሳ
ልጄ፣ አሳቢነትሽን አውቃለሁ። ነገር ግን የሐኪም ቤት ካርድ ማውጫ ያጣ ጎረቤት እያለን ለውሻ ኪኒን ይገዛ ብዬ እጄን አላወጣም።

በበሽታውም ልሞግትሽ። የኮሶን ትል ተመልከቺ። ትሉ የሚያድገው በሰው አንጀት ነው። እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ጋር ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ በሬው ከሣሩ ጋር ይግጠዋል፣ ሥጋው ውስጥ ቋጠሮ ይሆናል፣ እኛ ቁርጥ ብለን እንበላዋለን። በሬውን የሚያሳምመው እኮ ሰው ነው! ሰውየው ኪኒኑን ከወሰደና ሽንት ቤት ከተሠራለት በሬውም ተረፈ። አያቶቻችን ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ሲጠጡ ከብቱን አላጠጡም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከስድስት ኪሎ
ጋሼ፣ ስለ ኮሶ የተናገሩት ልክ ነው፤ የምጨምረው የለኝም። እኔም በማንኛውም የትል በሽታ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ እንቁላሉን የሚጥለው ማን ነው? በኮሶ ሰው ነው። እህታችን ባነሳችው በሽታ ግን ውሻ ነው። እንቁላሉን በግና ከብት ከሣር ጋር ሲግጡት ጉበታቸው ላይ ያው ከረጢት ይበቅላል፤ ውሻ ያንን ጉበት ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ሰው ውስጥ የገባው እዚያው ከረጢት ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደ ሌላ አይሄድም። ሺህ ሰው ብናክም ሜዳው ላይ ካለው እንቁላል አንዲት አትቀነስም።

ለውሻው ፕራዚኳንቴል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ባለበት አካባቢ ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ ይሰጥ ይላል፤ መድኃኒቱ ዛሬ ያለውን ትል ይገድላል፣ ነገ የሚገባውን ግን አያግድምና። ይኸው ፕራዚኳንቴል ለቢልሃርዝያ ተብሎ ለተማሪ ልጆች የሚታደለው ነው። ሌላው የትል መድኃኒት አይቨርሜክቲንም ቢሆን መጀመሪያ ለከብት ነበር የወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1981፤ ዓይን ለሚያሳውረው የወንዝ ዳር በሽታ በነጻ ለሰው ይታደላል የተባለው በ1987 ነው። (ይህን ስላልኩ የከብት መድኃኒት ገዝቶ የሚውጥ እንዳይኖር፤ መጠኑ ለሰው አልተለካም።)

አይስላንድ በአንድ ወቅት በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። ያጠፋችው ውሾቿን አክማ፣ የታረደ ከብት ሆድ ዕቃም ለውሻ እንዳይሰጥ ከልክላ ነው።

ልኳንዳ ነጋዴ፣ ከቄራ አካባቢ
እኔ ማኅተም የሌለው ሥጋ አልሰቅልም። ቄራ ውስጥ መርማሪ አለ፤ ምላሱን፣ የመንጋጋውን ሥጋ፣ ልቡን ሰንጥቆ ያያል። በዓል ሲሆን ግን በየግቢው ይታረዳል፣ የሚያይ የለም። ጉበቱ ውሃ ቋጥሮ ሲገኝ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፦ «ለውሻው ወርውርለት!» ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እኔም ወርውሬያለሁ። ዛሬ ሳነበው ደነገጥኩ።

የእንስሳት ሐኪም
ወንድሜ፣ ስለነገርከን አመሰግናለሁ። የታከመ ውሻም ያንን ጉበት ከበላ በ7 ሳምንት ገደማ እንደገና እንቁላል መጣል ይጀምራል።

ነርስ
ማኅተሙንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። የኮሶው ቋጠሮ ጥቂት ሲሆን በዓይን ምርመራ ያመልጣል። ሥጋው በደንብ ሲበስል፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ10 ቀን ሲቆይ ነው ቋጠሮው የሚሞተው።

ልኳንዳ ነጋዴ
ሁለት ወር የጾመን ሰው ማን 10 ቀን ጠብቅ ይለዋል?

ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ
እኔ ያደግኩት ደጋ ገደል ሥር ነው። አባቴ ጉንጩ ላይ ቁንጭር ወጥቶበት ጠባሳው ዛሬም አለ። ያ የቆዳ በሽታ የትል ባይሆንም፣ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚሻገረው በአሸዋ ዝንብ ነው። ሽኮኮን ከገደል አውጥቶ መርፌ የሚወጋ አለ? የለም። እዚያ መታከም የሚችለው ሰው ብቻ ነው፤ መርፌውም ያማል፣ ቀኑም ብዙ ነው። «እንስሳውም ይታከም» ስትሉ የትኛው እንስሳ እንደሆነ ተናገሩ።

ነርስ
ልክ ነህ፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልዬ ተናግሬ ነበር። የጠየቅሁት ለውሻ ነው። ሽኮኮው ጋ አልደርስም።

ጡረተኛ መምህር
እንግዲህ እኔም አንድ ነገር ላንሳ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን ወደ ሰው የሚያሻግረው ቀንድ አውጣ ነው። ለሰውም ለከብትም ኪኒን ሳይሰጡ መሐል ላይ ያለውን ድልድይ መስበር እንደሚቻል ያየነው ከእሳቸው ነው፤ ሰፈረ ሰላም ያለው የምርምር ተቋም በስማቸው የተጠራው በከንቱ አይደለም። የእኛስ ድልድይ የቱ ነው? ሥጋ ነጋዴው ነገረን፤ የሚወረወረው ጉበት ነው። ለዚህ መድኃኒት አያሻም። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ነው፤ ውሻ ጭሮ እንዳያወጣው በደንብ ጥልቅ ይሁን።

የእንስሳት ሐኪም
በጉድጓዱ እስማማለሁ፤ በጣም። ግን እርሱ የሚያግደው ነገ የሚበላውን ነው። ዛሬ አንጀቱ ውስጥ ትል ያለው ውሻ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ እንቁላል እየጣለ ነው፣ ልጆችም እያቀፉት ነው። ሁለቱም አብረው ካልሆኑ ድካማችን ግማሽ ነው።

ጡረተኛ መምህር
በመዋጮው ገንዘብ አቋሜን አልለወጥኩም፤ እርሱ ለታመመ ሰው ነው። የራሴን ውሻ ግን በኪሴ አሳክማለሁ። ውሻ ያለው ሁሉ እንዲሁ ያድርግ።

ልኳንዳ ነጋዴ
ቅዳሜ አካፋና ዶማ ይዤ እመጣለሁ። እርዱ ሳይጀመር ጉድጓዱ ይለቅ።

ነርስ
ጋሼ፣ ባለቤት የሌላቸውስ? ማታ ማታ ከአጥራችን ሥር የሚተኙትን ሦስቱን ማን በኪሱ ያሳክማቸው?

ጡረተኛ መምህር
እነሱን ረስቼአቸው ነበር። እሑድ ስብሰባው ላይ ደግመሽ አንሺው፤ በዚህኛው እሰማሻለሁ።