ቴሌስኮፕ አሳየኋቸው፣ ግን ልጆቹ ከክበቡ እየወጡ ነው። ሥነ ፈለክን እንዴት ላስወድዳቸው?

ጥያቄ፦ ከዋክብት ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሥነ ፈለክ ክበብ እመራለሁ። ዓመቱ ሲጀመር 40 ልጆች ተመዝግበው ነበር፣ አሁን ሰባት ቀርተዋል።

የተለመደውን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ፕሮጀክተር ተውሼ የጋላክሲና የኔቡላ ፎቶ አሳየኋቸው። አፋቸውን ከፍተው አዩ፣ በማግስቱ ግን ስለ ነገሩ ያነሳ ልጅ የለም። ከዚያ በብዙ ልመና ቴሌስኮፕ ተዋስኩ። የዚያን ቀን ማታ ወደ 60 የሚሆን ልጅ መጥቶ ተሰለፈ፣ እያንዳንዱ ለጥቂት ሰከንድ ጨረቃን አይቶ ቦታውን ለሚቀጥለው ለቀቀ፣ ግማሹ ሳይደርሰው ደመና መጣና ተበተንን። ቴሌስኮፑንም መለስኩ።

ሁለት ነገር ውስጤ ቀርቷል። አንደኛው፣ በጣም ጎበዝ የሆነ ልጅ አለ፣ «ቲቸር፣ እንደኛ ባለ አገር ይሄን ሥራዬ ብሎ የሚሠራ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለተኛው አባቱ ናቸው። «ይሄ ለልጄ ምን እንጀራ ይሆነዋል?» አሉኝ። ለሁለቱም አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁም።

ሀብት በሌለበት አገር ወጣቱን ወደዚህ ሳይንስ እንዴት ነው የምናመጣው? «ህልማቸውን እንዲከተሉ ንገራቸው» የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ። በእጃችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ ባለ ደብተሩ

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ክበብ መምራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ልክ እንዳንተ በፎቶና በሰልፍ ነው የጨረስኩት። የቴሌስኮፕ ሰልፍ ልጁን ተመልካች ያደርገዋል። ያያል፣ ይደነቃል፣ ይሄዳል። የራሴ ነው የሚለው ነገር በእጁ አይቀርም።

የኔን ክበብ ያዳነው ጁፒተር ነው። 10 በ50 የሚባለው መጠነኛ ባይናኩላር ይበቃል፣ ግን ግድግዳ ወይም አጥር ላይ አስደግፎ መያዝ ያስፈልጋል፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይታይም። በደንብ ከተያዘ ከጁፒተር ግራና ቀኝ በአንድ መስመር የተሰለፉ ትናንሽ ነጥቦች ይታያሉ። አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ሰጠሁና አንድ ሥራ ብቻ አዘዝኩ፦ በየማታው መሃል ላይ ክብ ሥላችሁ ነጥቦቹ ያሉበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ቀንና ሰዓቱን ጻፉ። ደመና ከሆነ «ደመና» ብላችሁ ጻፉ፣ እሱም መረጃ ነው። የጨረቃዎቹን ስም እንኳ አልነገርኳቸውም።

በአምስተኛው ቀን አንዷ ልጅ መጥታ «ትናንት አራት ነበሩ፣ ዛሬ ሦስት ናቸው፣ አንዷ የት ገባች?» አለችኝ። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። አንዱ «ባይናኩላሩ ቆሽሾ ነው» አለ፣ ሌላው «ከጀርባው ተደብቃ ነው» አለ፣ ክርክሩ እስከ በር ድረስ ቀጠለ። ከወር በኋላ ደብተሮቹን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ከጁፒተር በጣም የምትርቀዋ ነጥብ ወደ ተነሳችበት ለመመለስ 17 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባት ራሳቸው ቆጥረው አገኙት። ካሊስቶ ናት፣ የምትዞርበት ጊዜ 16.7 ቀን ነው።

ጣሊያናዊውን ሳይንቲስት ጋሊሌዮን ያነሳሁት ያኔ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ሦስት ነጥቦች አየ፣ አራተኛዋን ያያት በዚያው ወር፣ ጃንዋሪ 13 ነው፣ እሱም እንደነሱ ክብና ነጥብ እየሣለ ነበር የሚመዘግበው። ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ የታሪክ ትምህርት ሆኖ ይቀር ነበር። ደብተራቸውን ይዘው ሲሰሙት ግን የሥራ ባልደረባቸው ወሬ ነው የሆነባቸው።

መልስ፦ ዳታ ፈላጊዋ

የልጁን ጥያቄ እኔ ልመልስ። አዎ፣ ብዙ ሰው አለ በለው!

አስትሮፊዚክስ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ አስትሮኖመር ማለት ድሮ የሞተ፣ መጽሐፍ ውስጥ ፎቶው ያለ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። በሕይወት ያለ፣ ከኛ ብዙም የማይርቅ፣ ኢሜይል ብትጽፊለት የሚመልስ ሰው ይሆናል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ ለልጁ ቦታዎቹን በስማቸው ንገረው። ደቡብ አፍሪካ 64 አንቴናዎች ያሉት ሚርካት የሚባል የሬዲዮ ቴሌስኮፕ (ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል) አላት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የተመረቀው፣ አሁን ደግሞ እዚያው ኤስኬኤ የሚባለው ግዙፍ ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ 197 አንቴናዎች የሚኖሩት ክፍል እየተገነባ ነው። ህንድ ፑኔ አካባቢ እያንዳንዳቸው 45 ሜትር ስፋት ያላቸው 30 አንቴናዎች አሏት። እኔ በጣም የምወደው ግን የጋናውን ነው። ኩንቱንሴ በሚባል ቦታ ለስልክ ግንኙነት ያገለግል የነበረ 32 ሜትር ስፋት ያለው አሮጌ ሳህን ነበራቸው፣ እሱን ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ቀየሩትና እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ አስጀመሩት። ይሄን ለተማሪ ስትነግረው ዓይኑ ውስጥ የሚታየውን ነገር አይቼዋለሁ።

ሌላው፣ ዛሬ አስትሮኖሚ በአብዛኛው የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው። እኔ ራሴ ለጥናቴ አንድም ቀን ቴሌስኮፕ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ጋያ የሚባለው የአውሮፓ መንኮራኩር የለካቸው የ1.8 ቢሊዮን ገደማ ከዋክብት መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ፕሮፌሰርም አንተ ትምህርት ቤት ያለ ልጅም የሚያወርዱት አንድ ፋይል ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቀስ እያሉ ይልመዱ።

ለጀማሪ ደግሞ ዙኒቨርስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ሰዎች ፎቶ እያዩ ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው ይለያሉ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ጋላክሲ ዙ ነው። በዚያው ዓመት ሃኒ ፋን አርክል የተባለች የኔዘርላንድስ መምህርት እዚያ ፎቶ ስታይ ማንም ያላስተዋለውን እንግዳ የሆነ የሚያበራ የጋዝ ደመና አገኘች፣ ዛሬም በስሟ ነው የሚጠራው። መምህርት ናት እንግዲህ፣ እንዳንተ።

አደራ ግን፣ ሂሳቡን አትደብቃቸው። ፎቶ እያሳየን አምጥተን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ካልኩለስ የሚያስደነግጣቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ከኔ ጋር ከጀመሩት አብዛኞቹ የወጡት በዚህ ነው።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

የአባትየው ጥያቄ ተገቢ ነው፣ እባክህ እንደ ተቃውሞ አትውሰደው። ደሃ ቤት ውስጥ ልጅ ማስተማር ትልቅ መሥዋዕትነት ነው። እኔ የቴሌኮም መሐንዲስ ነኝ፣ ልጄ ይሄን ልማር ስትለኝ ተመሳሳይ ነገር ነው የጠየቅኳት።

እኔ ብሆን እንዲህ እላቸዋለሁ። የአስትሮኖመር የሥራ ቦታ በየትኛውም አገር ጥቂት ነው፣ በሀብታሞቹም አገር። ልጅዎ አስትሮኖመር ይሆናል ብለህ ቃል አትግባ። ግን ለዚህ ትምህርት ብሎ የሚለምደው ሂሳብ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ብዙ መረጃ ውስጥ ትንሽ ምልክት ፈልጎ ማውጣት፣ እነዚህ ሁሉ ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ ቴሌኮምም የሚፈለጉ ናቸው። በኔው ሙያ ምሳሌ ልስጥህ። አውስትራሊያዊው ጆን ኦሱሊቫን ከባልደረቦቹ ጋር ከሚፈነዱ ትናንሽ ጥቁር ጉድጓዶች የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ይፈልጉ ነበር። ምልክቱን አላገኙትም። የተዛባ ምልክት ለማጥራት የተጠቀሙበት ሂሳብ ግን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ዋይፋይን ፈጣን ካደረጉት ሥራዎች ውስጥ ገባ። አባትየው ስልካቸውን አውጥተው እንዲያዩት አድርግ።

ልጄን ፈቀድኩላት፣ በአንድ ስምምነት፦ ከፊዚክሱ ጋር ኮምፒውተርም ትማራለች። ተስማምተን እየሄድን ነው።

መልስ፦ የቀን ሰማይ

ከላይ ያሉት ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ሁላችሁም ስለ ማታ ነው የምታወሩት። ሴት ልጆቹስ? እኔ ክበቡን ማታ ማታ ሳደርግ ሴቶቹ በአንድ ወር ውስጥ አለቁብኝ። ሳይወዱት ቀርተው አይደለም፣ ማታ ከቤት መውጣት አይፈቀድላቸውም፣ መንገዱም አያስተማምንም። ከሰባቱ ውስጥ ስንት ሴት እንዳለ እስቲ ቁጠር።

ፀሐይም ኮከብ ናት፣ ለዚያውም ቅርባችን ያለች። ክበቡን ወደ ጠዋት አዞርኩትና ይሄን እንሠራለን። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ መስኮቱን በካርቶን እንሸፍናለን። ካርቶኑን በመርፌ እንበሳለን። ብርሃኑ ከቀዳዳው ርቆ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ክብ ይሠራል። ያ ክብ የፀሐይ ምስል ነው። ወረቀቱ ብርሃኑን ፊት ለፊት እንዲቀበል ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት፣ ካዘነበለ ክቡ ሞላላ ይሆናል። ከዚያ ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በሜትር፣ የክቡን ስፋት በማስመሪያ ይለካሉ፣ ርቀቱን ለስፋቱ ያካፍላሉ። ወደ 107 የሚጠጋ ቁጥር መምጣት አለበት። የፀሐይም ርቀት ለራሷ ስፋት ሲካፈል የሚመጣው ያው ቁጥር ነው። ፀሐይ ከኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ያንን ለ107 ሲያካፍሉት የፀሐይን ስፋት ያገኛሉ፣ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በካርቶንና በመርፌ!

አንድ ነገር ደጋግመህ ንገራቸው፦ በቀዳዳውም፣ በባይናኩላርም፣ በባዶ ዓይንም ፀሐይን ቀጥታ አይመልከቱ። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ ይዩ። ዓይን አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም።

ደግሞ በሚያስቡበት ቋንቋ አውራቸው። የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ ላይ ሲጨነቁ ጥያቄያቸው ይጠፋባቸዋል። ቃሉ በኋላ ይደርሳል።

መልስ፦ ዳታ ፈላጊዋ

የማታው ነገር እውነት ነው፣ እኔም ቤታችን ጣሪያ ላይ መውጣት ስለተፈቀደልኝ ነው የቀጠልኩት። አንድ ነገር ልጨምር። ከምድር ወገብ ብዙም የማይርቅ አገር ውስጥ ያለ ልጅ፣ እዚያ አካባቢ ደግሞ ብዙዎቹ ድሃ አገሮች አሉ፣ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ያያል። የደቡብ መስቀልንም ትልቁን ድብም ከአንድ ቦታ ሆኖ ያያል። ሰሜን አውሮፓ ያለ ልጅ የደቡብ መስቀልን ከቤቱ ሆኖ አያይም። ለልጆቹ የሌላቸውን ብቻ ሳይሆን ይሄንንም ንገራቸው።

ገንዘብ ለሚፈልግ ደግሞ፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ኬፕታውን ውስጥ የሥነ ፈለክ ለልማት ቢሮ ከፍቷል። እንደዚህ ላሉ ፕሮጀክቶች የድጋፍ ጥሪ ያወጣል። ማመልከቻው ላይ የልጆቹን ደብተር ፎቶ አያይዝ።

ጠያቂው ተመለሰ፦ ከዋክብት ቆጣሪ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጁፒተር አሁን የሚወጣው ሊነጋጋ ሲል ስለሆነ ከካርቶኑ ጀመርን። ከሰባቱ ሴቷ አንዲት ብቻ ነበረች፣ እውነትሽን ነው እህቴ። ወደ ጠዋት አዞርኩት፣ ቅዳሜ 13 ልጆች መጡ፣ አምስቱ ሴቶች ናቸው።

በሁለት ቡድን ከፈልኳቸው። ሁለቱም ከቀዳዳው 3 ሜትር ላይ ለኩ። የመጀመሪያው ቡድን ክብ 29 ሚሊ ሜትር ሆነ፣ ሲያካፍሉት 103 መጣ። የሁለተኛው 32 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 94 ገደማ። «የናንተ ማስመሪያ ነው የተሳሳተው» ተባባሉ። ማስመሪያ ተለዋወጡ፣ ቁጥሩ ያው ሆነ። እኔ ዝም አልኩ፣ በጣም ከብዶኝ ነበር ዝም ማለቱ።

ያ «እንደኛ ባለ አገር የሚሠራ አለ?» ያለኝ ልጅ ተነስቶ ሄዶ ቀዳዳዎቹን ለካ። የመጀመሪያው ቡድን በመርፌ ነው የበሳው፣ 1 ሚሊ ሜትር። ሁለተኛው በእስክሪብቶ ጫፍ፣ 4 ሚሊ ሜትር። «ቲቸር፣ የቀዳዳው ስፋት ምስሉ ላይ እየተደመረ ነው» አለኝ። ከ29 አንድ ቀነሱ፣ ከ32 አራት ቀነሱ። ሁለቱም 28 ሆነ። 3000 ለ28፣ 107።

ክፍሉ ውስጥ የተነሳውን ጩኸት ብትሰሙት! ለቅዳሜ ደግሞ ራሳቸው ባለ 2፣ ባለ 3 እና ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ካርቶን ሊያዘጋጁ ተከፋፍለዋል። አባቱንም እንዲመጡ ጠርቻቸዋለሁ፣ እመጣለሁ ብለውኛል።