ለጅማው የተማሪዎች ሮቦቲክስ ቡድን የወርክሾፕ መሣሪያ ግዢ፦ በጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለአዲሱ የተማሪዎች ቡድን የሚገዙትን መሣሪያዎች የሚመለከተው የዕቅዱ ክፍል ገና አልተቋጨም። በረቂቁ ላይ ቀዳሚ ግዢ ሆኖ የሰፈረው ስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እያቀለጠ በድርብርብ ዕቃ የሚሠራ ማሽን) ስለሆነ፣ በዚሁ ላይ ሐሳባችሁን እንድትሰጡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቴክኒክ ክፍል ተወካይ፦
ፕሪንተሩ ይገዛ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይስተካከል። መዳፍ የምታህል አንዲት የሮቦት ክፍል ታትማ እስክትወጣ ሰዓታት ስለሚፈጅ፣ በመካከሉ መብራት ከጠፋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊቀር ይችላል። ጀማሪዎች አስቀድመው ሊለምዱት የሚገባው መለካት፣ አጥብቆ ማሰር፣ መቁረጥና መብሳት ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የሚታሰር ሞርሳ (ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ)፣ የብረት መጋዝ፣ ሞረድ፣ ካሊብሮ (የውፍረት መለኪያ)፣ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይቅደሙ። በትናንሽ ሮቦቶች ላይ ኤም 3 ብሎን (ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ) በብዛት ስለሚገባ፣ ጥርስ ለሚወጣለት ቀዳዳ የ2.5፣ ብሎኑ እንዲሁ ለሚያልፍበት ደግሞ የ3.2 ሚሊሜትር መብሻ በርከት ተደርጎ ይያዝ፤ ቀጭን መብሻ በጀማሪ እጅ ቶሎ ይሰበራልና።

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከአንድ በላይ እንዲሆን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሮቦቱ አልንቀሳቀስ ሲል ጉድለቱ የባትሪው ይሁን የሽቦው በመለኪያ ካልተለየ፣ ልጆቹ በግምት ደህናውን ዕቃ እየነቀሉ ይደክማሉ። የመበየጃው ካውያም ሙቀቱ የሚስተካከል ይሁን፤ 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ ያለበት ስታኞ (ቀልጦ ሽቦ የሚያያይዝ ብረት) 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ስለሚቀልጥ፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ትርፉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ማበላሸት ብቻ ነው። እርሳሱ መርዛማ ስለሆነ ከብየዳ በኋላ እጅ መታጠብ በደንቡ ይጻፍ።

በእንጨት ሥራ የተሰማሩ አባል፦
የተወካዩን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከተማችን በበርጩማዋና በእንጨት ባለሙያዎቿ የታወቀች ስለሆነች የሥራ ጠረጴዛውን እዚሁ እናሠራው፤ ሞርሳው ሲጠብቅ እንዳይነቃነቅ ገጹ ወፍራም ጣውላ ይሁን። የአሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩት ወገኖች ቁርጥራጭ ብንለምን ለሮቦቱ አካል ይበቃናል። የጅማ ዝናብ ረጅምና እርጥበቱም ብዙ ስለሆነ፣ ሞረድና መብሻ በዘይት ተወልውለው በሚዘጋ ሣጥን ካልተቀመጡ ዝገት ይጨርሳቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
በጀቱ ቢጠብ እንኳ የዓይን መከላከያ መነጽርና የሊትየም ባትሪ ቻርጀር አይነኩ። እንዲህ ያለው ባትሪ እያንዳንዱ ሴል (በውስጡ ያለው ነጠላ ባትሪ) ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ሴሎቹን እያመጣጠነ የሚሞላ ቻርጀር የግድ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አመሰግናለሁ። አንቀጹ እንደሚከተለው ተሻሽሏል፦ «በመጀመሪያው ዙር የደኅንነት፣ የመለኪያና የእጅ መሣሪያዎች ይገዛሉ፤ የሥራ ጠረጴዛው በጅማ ይሠራል፤ ስሪዲ ፕሪንተሩ ከመብራት መቋረጥ መከላከያው ጋር በሁለተኛው ዙር ይገዛል፤ መሣሪያዎቹን የሚረከብና የሚቆጣጠር አንድ መምህር ይመደባል።» ተቃውሞ ያለው አባል ከመፈረማችን በፊት ያሳውቀን።