የልጆች መጽሐፍ የምንጽፍ አራት ሰዎች ነን፤ እርስ በርስ እንዴት እንተራረም?

ዳሞቴ (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለን አራት ሰዎች ከ5 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች በአማርኛ እንጽፋለን። ሁላችንም ሌላ የእንጀራ ሥራ አለን፤ ግን ጽሑፉን ቀስ በቀስ ሙያ ልናደርገው እንፈልጋለን። በየሳምንቱ ተገናኝተን እናነባለን፤ አስተያየታችን ግን "ደስ ይላል"፣ "ትንሽ ረዘመ" ከማለት አያልፍም። ስብሰባው እንዴት ቢመራ ጽሑፉ ይሻሻላል? ልጆች ላይ እንዴት ይሞከራል? ሠዓሊ የሚፈለገው መቼ ነው? ሐሳብ ስንዋዋስ ቆይተን አንዱ ቢያሳትመው መብቱ የማን ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? በዝርዝር የምታውቁ ብትመልሱልን።

አርታዒው (ባሕር ዳር)

ከሁሉ በፊት ደቦውን ትታችሁ ወንፈል ግቡ። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ የመጣውም መርቆ ይሄዳል። ድግስ ላይ ተቀምጦ "ትልምህ ጠማማ ነው" የሚል የለም። ወንፈል ግን የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ የሠራህልኝን ያህል ነገ እሠራልሃለሁ። ስለዚህ መጠኑም ጥራቱም ይቆጠራል። "ደስ ይላል" የደቦ ቋንቋ ነው።

በየሳምንቱ መገናኘቱ ይበዛል፤ ለማረም ጊዜ ስለማይተው ሰው ያንኑ ረቂቅ ይዞ ይመለሳል። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ፣ ሁለት ረቂቅ ብቻ። ረቂቁ ከአራት ቀን በፊት በቴሌግራም ይላክ፤ ሳያነብ የመጣ ሰው ያን ቀን አስተያየት አይሰጥም። አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ይበጃል፦

በመጀመሪያ ጽሑፉን ደራሲው ሳይሆን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል። ደራሲ የራሱን ሲያነብ ድምፁ ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ደራሲው እርሳስ ይዞ አንባቢው የተደናቀፈበትን ቦታ ሁሉ ያሰምር፤ ከማንኛውም አስተያየት የበለጠ ዋጋ ያለው ያ መስመር ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይድገመው። ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ታሪክ ከተናገረ ችግሩ ቃል ላይ አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ ገና አልለየለትም። ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ፦ ልባችሁ የሸፈተው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው? ቢወጣ ምንም የማይጎድለው ዓረፍተ ነገርስ የትኛው ነው? የገጽ ቁጥር የሌለው አስተያየት አይመዝገብ። "እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር" ማለት ደግሞ ይከልከል፤ ያ ማረም ሳይሆን የሰው ማሳ ላይ የራስን ዘር መዝራት ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ደራሲው ዝም። የቅኔ ቤት ነገራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ተማሪው ቅኔውን ይናገራል፣ እርማቱን ይቀበላል። መጨረሻ ላይ ብቻ ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቅ ይፈቀድለት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ያንኑ ረቂቅ ሦስት ጊዜ ያነበበ ቡድን ጉድለቱን በራሱ እውቀት እየሞላ ስለሚያነብ አያየውም። ስለዚህ ከአራታችሁ አንዱ በየተራው ሁለቱን የመጀመሪያ ንባቦች አይስማ፤ ለሦስተኛው ይቆይ። የወንፈል ደብተርም ይኑራችሁ፦ ማን ስንት ረቂቅ አነበበ፣ ስንት አስነበበ። ሁለት ንባብ ያለበት ሰው ዕዳውን ሳይከፍል አዲስ አያስገባ።

የፊደል መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ስለ ስብሰባው ከላይ የተባለው ይበቃል። እኔ በቋንቋውና በልጆቹ ላይ ልቆይ።

"ለልጆች የሚጻፍ ከ500 ቃል አይበልጥ" የሚለው ልክ ከፈረንጅ መጽሐፍ የመጣ ነው፤ አማርኛን አይለካም። "እንዳላስቸገረቻቸውም" አንድ ቃል ነው፤ 12 ፊደል አለው፤ እያነበበ ላለ የ1ኛ ክፍል ልጅ ተራራ ነው። ስለዚህ ቃል ብቻ ሳይሆን ፊደል ቁጠሩ። ራሱ ለሚያነብ ጀማሪ አብዛኛው ቃል ከ4 ፊደል ባይበልጥ፣ ዓረፍተ ነገሩም ከ3 እስከ 5 ቃል ቢሆን ጥሩ ነው። ሌላ ሰው ለሚያነብለት ልጅ ይህ ገደብ አይሠራም፤ ጆሮው ከዓይኑ ብዙ ዓመት ይቀድማል። እያንዳንዱ ረቂቅ አናቱ ላይ "ለሚያነብ" ወይም "ለሚነበብለት" ተብሎ ይጻፍበት። ሁለቱን ባንድ መጽሐፍ ለማስደሰት መሞከር የጀማሪ ደራሲ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን አይለየውም። "ጅቡ ይበላል" ብላችሁ ብትጽፉ ጅቡ በላተኛ ይሁን ተበይ ልጁ በምን ይወቅ? አዋቂ ከአገባቡ ይገምታል፤ ጀማሪ ግን ፊደል በፊደል ስለሚሄድ መሐል ላይ ይቆማል። "ዋና"፣ "ገና"፣ "አለ" ሁሉ እንዲሁ ናቸው። መድኃኒቱ ምልክት መጨመር አይደለም፤ አጠገቡ የሚለይ ቃል ማስቀመጥ ነው፦ "ጅቡ ሥጋ ይበላል።" ከአራታችሁ አንዱን በየተራ "የማጥበቅና የማላላት ጠባቂ" አድርጉት።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ላይ ክርክር አትክፈቱ፤ አያልቅም። አንዱን መርጣችሁ በአንድ ወረቀት ጻፉ፣ በመጽሐፉ ሙሉ ጠብቁት። ገጽ 4 ላይ "ፀሐይ"፣ ገጽ 9 ላይ "ጸሐይ" ካለ ልጁ ሁለት ነገር ይመስለዋል።

የአገር ቃልም አትፍሩ። "ወንፈል" የሚለውን የከተማ ልጅ ላያውቀው ይችላል፤ ሥዕሉ ላይ ሰዎች ተራ በተራ ማሳ ሲያርሱ ካሳያችሁት ግን ሳይተረጎምለት ይገባዋል። በቅንፍ አትፍቱት።

አሁን ሙከራው። ርእሰ መምህሩን በደብዳቤ አስፈቅዱ፣ ወላጅ ይወቅ፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ ይኑር፣ ፎቶ አይነሣ። ከ6 እስከ 8 ልጆች ባሉበት፣ ሁለት የተለያየ ቡድን ላይ፤ አንባቢው አሁንም ደራሲው አይሁን። ደራሲው ከጎን ተቀምጦ ልጆች ዞር ያሉበትን፣ ወደ ፊት የተጠጉበትን፣ ያቋረጡበትን ገጽ ይመዝግብ። "ወደዳችሁት?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። እንግዳ አክብር ተብሎ ያደገ የጎጃም ልጅ አልወደድኩም አይላችሁም። ይልቅ በማግሥቱ ተመልሳችሁ ታሪኩን ላልሰማ ጓደኛቸው እንዲነግሩ አድርጉ። የዘለሉት ክፍል ሁለቱም ቡድን ላይ አንድ ከሆነ ያ ክፍል ይውጣ።

ራሱ ለሚያነብ ልጅ የተጻፈ ከሆነ አንድ በአንድ አስነብቡ። ከ100 ቃል ከ10 በላይ ከሳተ ጽሑፉ ከብዶታል፤ ልጁን አትውቀሱ፣ ጽሑፉን አቅልሉ።

ጊዜውን አስሉት፦ ሰኔ ፈተና ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የገጠሩ ልጅም ከብት ጥበቃ ላይ ነው። ከግንቦት አጋማሽ በፊት ያልሞከራችሁትን እስከ ጥቅምት አታገኙትም።

ዳሞቴ

እግዜር ይስጥልን። ከአራታችን ሁለቱ በግጥም ነው የሚጽፉት። ለልጅ ግጥም ይሻላል የሚል ክርክር አለን።

አርታዒው

ቤት የሚመታ ሁሉ ለልጅ አይመችም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ "ሄደ" ከ"ወሰደ" ጋር ሳትለፉበት ቤት ይመታል፤ በርካሽ የተገኘ ስለሆነም ጆሮ አይይዘውም። የሚይዘው ምቱ ነው። የቡሄ በሉ ቤት 4 በ4 ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፤ የወል ቤት 6 በ6። ለትንንሾቹ የቡሄው ይቀላል፤ በቡሄ በዓል ሲያዜሙት የኖሩት ነው። ስትቆጥሩ የሚነገረውን ቀለም ቁጠሩ፤ ድምፅ የማይሰጥ ሳድስ አይቆጠርም። ለፈተና፣ ግጥሙን አንድ ሰው እያጨበጨበ ያንብበው። ጭብጨባው የተሰበረበት ስንኝ ይታረማል። ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ቃል ካለ ደግሞ ያንን ስንኝ ወደ ተራ ንግግር ለውጡት፤ ሲለወጥ ሞኝ ከመሰለ ጣሉት።

መምህሩም እንደሚስማሙበት እገምታለሁ፦ መዝጊያው ላይ "ልጆች ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው" አይግባ። ተረት ነጋሪ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ብሎ ነው የሚነሣው።

ቀለም በጥብጥ (ባሕር ዳር)

ሥዕልን በተመለከተ። ሠዓሊ የሚጠራው ረቂቁ ሦስተኛውን ንባብና የልጆቹን ሙከራ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከጠራችሁ የተሠራ ሥዕል እንዳይባክን ስትሉ መጥፎ ገጽ ትጠብቃላችሁ።

ሠዓሊ ሳትጠሩ ግን የናሙና መጽሐፍ መሥራት ትችላላችሁ፤ ግዴታም ነው። 6 ኤፎር ወረቀት መሐል ለመሐል እጠፉ፤ 24 ገጽ ይወጣል። ገጽ 1 ርእስ፣ ገጽ 2 የመብት ገጽ፣ ገጽ 3 መነሻ፤ ከ4 እስከ 23 አሥር ጥንድ ገጽ ታገኛላችሁ፣ 24 መዝጊያ። ጽሑፉን ቆርጣችሁ ለጥፉበት። አንድ ጥንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ከተፈጸመ ሠዓሊው የቱን ይሣል? ሁለት ጥንድ ገጽ ላይ ሰዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩ ብቻ ከሆነስ? ይህን በወረቀት ካላያችሁት በጽሑፍ አይታያችሁም።

የገጽ መገልበጫው ላይ የአማርኛን ግሥ ተጠቀሙበት። "ጦጢት ቀስ ብላ የአያ ጅቦን ጅራት…" ብላችሁ ቀኙ ገጽ ላይ አቁሙ፤ ሲገለበጥ "ጎተተችው!" ልጁ ግሡን ለማግኘት ራሱ ይገልጠዋል። ቋንቋው ያዘጋጀላችሁን ስጦታ ብዙ ደራሲ ገጹ መሐል ላይ ይጥለዋል።

ሥዕሉ የሚያሳየውን ጽሑፍ አይድገመው። "ቀይ ቀሚስ የለበሰችው" የሚለው ቀለሙ ለታሪኩ ካልጠቀመ ይውጣ።

ማተሚያ ቤት ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ ለ4 ካልተካፈለ ባዶ ገጽ ይመጣል። ሥዕሉ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ካልሆነ ይደበዝዛል። ዳር ድረስ የሚሄድ ሥዕል በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ከሌለው ሲቆረጥ ነጭ ክር ያወጣል። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል፤ በዩኒኮድ ጻፉ፣ ፊደሉን ውስጡ ያካተተ ፒዲኤፍ ላኩ። ለጀማሪ አንባቢ የፊደሉ መጠን ከ18 ነጥብ አይነስ፣ በተዥጎረጎረ ሥዕል ላይም አይጻፍ። ሙሉው ከመታተሙ በፊት የቀለም ናሙና ላይ ፈርሙ፤ የጣና ሰማያዊ በስክሪን ላይ እንዳማረ ወረቀት ላይ አይወጣም።

የሠዓሊን ክፍያ በሦስት ክፈሉት፦ ሲጀምር፣ የእርሳስ ንድፉ ሲጸድቅ፣ የመጨረሻው ፋይል ሲረከብ። ለውጥ የሚጠየቀው እርሳሱ ላይ ነው። ቀለም ከገባ በኋላ የሚጠየቅ ለውጥ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው ውሉ ይናገር።

ውል ይግባ (ደብረ ማርቆስ)

መብቱን በአጭሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 ተሻሽሏል) የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። "ጦጣዋ ጅራቱን ብትጎትተውስ?" ብሎ ሐሳብ ያዋጣ ጓደኛ ደራሲ አይሆንም፤ ዓረፍተ ነገሮቹን አብሮ የጻፈ ግን የጋራ ደራሲ ሊሆን ይችላል። "እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር" ይከልከል የተባለው ለዚህም ይጠቅማል። ጥበቃው ሥራው ሲፈጠር ይጀምራል፤ ኢኮኖሚያዊ መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘግባል፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ነው። የአያቶች ተረት የማንም አይደለም፤ የእናንተ የሚሆነው የተረካችሁበት አነጋገር ብቻ ነው። ሠዓሊው በሥዕሉ ላይ የራሱ መብት አለው። ገዝታችሁ ከሆነ ለየትኛው እትም፣ ለስንት ዓመት፣ ለዲጂታልም ይሁን አይሁን ጻፉ።

አራታችሁም አንድ ገጽ ላይ ፈርሙ፦ አስተያየት ባለቤትነት አይሰጥም፤ ያልታተመ ረቂቅ ከቡድኑ አይወጣም፤ የጋራ ጽሑፍ ከሆነ ድርሻው ከመጻፉ በፊት ይወሰናል።

እንደ ስቶሪዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ ያሉ የልጆች መጻሕፍት የሚወጡባቸው ክፍት የኢንተርኔት መድረኮች ስም ለማስታወቅ ይጠቅማሉ። ግን እዚያ የሚወጣው በክፍት ፈቃድ ነው፤ አንዴ ከለቀቃችሁት ሌላ ሰው ቢያሳትመውም መከልከል አይቻልም። ትልቁን ሥራችሁን ለዚያ አታውጡ።

ዳሞቴ

ገንዘቡ ቀረ። ዕቁብ ብንገባ፣ ማን መጀመሪያ ይውሰድ?

ውል ይግባ

ዕጣ አታውጡ፤ መጀመሪያ የሚወስደው ረቂቁ ሙከራውንና ሦስቱን ንባቦች ያለፈለት ይሁን። ለምሳሌ 4 ሰው በወር 2,000 ብር፣ በየስድስት ወሩ አንድ ሰው ቢወስድ 48,000 ብር ይደርሰዋል። የወሰደ ሰው እንዳይጠፋ እንደማንኛውም ዕቁብ ዋስ ይጥራ።

ዋጋ ስትተምኑ ወጪውን ለታተመው አታካፍሉ፤ ለሚሸጠው አካፍሉ። 1,000 ታትሞ 50 ለስጦታ፣ 30 ለብልሽት ቢሄድ የሚሸጠው 920 ነው። ጠቅላላ ወጪው 92,000 ብር ቢሆን አንዱ 100 ብር ወጣበት። መጻሕፍት መደብሩ 30 በመቶ የሚወስድ ከሆነ ከ143 ብር በታች መሸጥ ኪሳራ ነው፤ ብዙ ሰው በ130 ሸጦ ያተረፈ ይመስለዋል። በኮሚሽን ስታስቀምጡ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የመቶኛውን ልክ፣ የተበላሸው በማን ሒሳብ እንደሆነ አስፈርሙ፤ በየሦስት ወሩ ሒሳብ ዝጉ። ትምህርት ቤት ያለ ደረሰኝ ስለማይገዛ የንግድ ፈቃዱንና የግብር መለያ ቁጥሩን ቀድማችሁ ጨርሱ። አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር) ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይወጣል፤ ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት መሆኑን አትርሱ፣ በኋላ በተለጣፊ መለጠፍ ይመጣል።

መጽሐፉ ነሐሴ መጨረሻ እጃችሁ ይግባ። መስከረም ላይ ወላጅ ደብተር ሲገዛ አብሮ ይገዛል፤ ኅዳር ላይ የደረሰ መጽሐፍ ገናን ይጠብቃል።