የሳንቲም ስብስብ ልጀምር ነው፤ ሳንቲሞቹን ልጠባቸው?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የተደባለቀ ሳንቲም እጄ ገብቷል፤ የብዙ አገር ነው። አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ነገር ይዟል። 1780 የሚል አንድ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብርም አለበት። ከዚህ ተነስቼ በደንብ መሰብሰብ አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? ማጠብስ ይቻላል? ጠገራው ትክክለኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጠርዝ ያዥ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህን ከጥርስ ሳሙናው ሰብስብ! ኮምጣጤም ሎሚም አያስፈልግም። ሳንቲም ሲሠራ ማዕድኑ በማተሚያ ይመታል፤ ያኔ ማዕድኑ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋና በዓይን የማይታዩ ስስ መስመሮች ይተዋል። መብራት ሥር ዘንበል ስታደርገው የሚሽከረከር የሚመስለው ነጸብራቅ ከነሱ ነው የሚመጣው። አንዴ ከፈተግከው መስመሮቹ ጠፉ፣ አለቀ። ያብረቀርቃል፣ ግን የለመደ ዓይን ወዲያው ያውቀዋል፤ ዋጋውም ይወርዳል። የብሩ ጥቁረት ደግሞ ቆሻሻ አይደለም። ብሩ አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ሽፋን ነውና ተወው። አፈር ካለበት ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) ውስጥ ዘፍዝፈው፤ ከዚያ ሳታሸው በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረግህ አድርቀው። ስትይዝም ሁልጊዜ በጠርዙ።

ባለሚዛኗ፦ ስለ ጠገራው እኔ ልበል። የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ትሬዛ የሞተችው በ1780 ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ነጋዴው ግን ሳንቲሙን ስለለመደው መመታቱ አልቆመም። የቪየና፣ የለንደን፣ የሮም፣ የቦምቤይ ሳንቲም ማተሚያ ቤቶች ሁሉም 1780 የሚለውን ሳይቀይሩ መትተውታል፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ሳይቀር። ስለዚህ 1780 ማለቱ ዕድሜውን አይነግርህም። ትክክለኛነቱን ግን መመርመር ትችላለህ። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ ብዙ የተሠራበት ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከመቶ 83ው ንጹሕ ብር። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ግዛ። ማግኔት አስጠጋው፤ ከሳበው ብር አይደለም። ከዚያ ጠርዙን እየው። ዙሪያውን በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ከፍ ብሎ የወጣ ጽሑፍ አለው። በቅርጽ ተፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ከሆነ ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ወይም ጥቃቅን የአረፋ ቀዳዳ ታያለህ።

ጀማሪው፦ ማግኔት የሚስበው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት ነው?

ባለሚዛኗ፦ ኧረ አይደለም። የዩሮ ባለ 1፣ ባለ 2 እና ባለ 5 ሴንት ሳንቲሞች ውስጣቸው ብረት ነው፣ ላያቸው መዳብ የተለበጠ። ንጹሕ ኒኬልም ይሳባል። ችግሩ ብር ነው የተባለው ሲሳብ ነው።

ዛጎል፦ አረንጓዴውን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቀስ ብለህ ንካው። ዱቄት ከመሰለ የመዳብ ዝገት ነው፤ እሱን ከሌሎቹ ለይተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ። የሚያጣብቅ ከሆነ ግን የፒቪሲ ላስቲክ ሥራ ነው። ያ ለስላሳ፣ አዲስ ሲሆን የሚሸት ላስቲክ ሲያረጅ አሲድ ይለቅና ሳንቲሙን ይበላዋል። ንጹሕ አሴቶን (የሚያጣብቀውን የሚያሟሟ ፈሳሽ) በብርጭቆ ዕቃ አድርገህ ዘፍዝፈው። መስኮት ክፈት፣ እሳት አታስጠጋ። ሽቶና ቅባት ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም። ማስቀመጫህን ደግሞ ከማይላር፣ ማለትም ፒቪሲ ከሌለበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ የተሠራ አድርገው። ላስቲክ ማሰሪያና ተራ ፖስታ ድኝ ስላላቸው ብሩን ያጠቁሩታል። እርጥበት የሚመጥ አንድ ከረጢት ሲሊካ ጄል ሣጥኑ ውስጥ ጣል አድርግ።

አንጋፋው፦ ልጄ፣ ሁሉም ስለ ዕቃ ነገረህ፣ ምን እንደምትሰበስብ ማንም አልጠየቀህም። ቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም ስብስብ አይባልም። አንድ ነገር ምረጥ፦ የአንድ አገር፣ የአንድ ንጉሥ ዘመን፣ እንስሳ ያለበት፣ ደስ ያለህን። ከዚያ ስለ መረጥከው መጽሐፍ ግዛ፤ ሳንቲሙ ከመጽሐፉ በኋላ ይምጣ። አሥር ተፍቆ ያለቀ ከምትገዛ አንድ ጥርት ያለ ግዛ።

ዛጎል፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ለጀማሪ ከየአገሩ አንድ አንድ መያዝ ጥሩ ነው። ዓይኑ የሚለምደው ብዙ ዓይነት ሲያይ ነው፣ ወጪም የለውም።

አንጋፋው፦ ለስድስት ወር ከሆነ ይሁን። ግን እያንዳንዱን ይመዝግብ፦ ዓመቱን፣ ክብደቱን፣ ከማን እንዳገኘው። ያልተጻፈ ነገር ይረሳል።

ጀማሪው፦ አመሰግናለሁ! ጠገራውን መዘንኩት፣ 28.02። ማግኔት አልሳበውም፣ የጠርዙም ጽሑፍ አለ። አሁን የት እንደተመታ ማወቅ ይቻላል?

ባለሚዛኗ፦ ይቻላል፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዝ። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች ቁጠር፣ በጀርባው ደግሞ የንስሩን የጅራት ላባዎች። ከደረቷ በታች «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ የላቲን ፊደሎች አሉ፤ አጻጻፋቸውንም እይ። ማተሚያ ቤቶቹን የሚለያቸው እነዚህ ናቸው። ፎቶውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንስተህ ለጥፈው፣ አብረን እንቆጥራለን።