«አገኘ» ለማለት የትኛውን ልጠቀም? ጌት፣ ኧርን፣ ፕሮኪዩር፣ አክዋየር ተምታተውብኛል

ጥያቄ፦ የፒያሳው አስጎብኚ

ጎንደር ውስጥ እንግዳ በማስጎብኘት እተዳደራለሁ። ለእንግዶቼ የምሰጣት ባለ ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለችኝ፤ ያዘጋጀኋት ራሴ ነኝ። ትናንት አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆመው ሲያነቧት ሁለት ጊዜ ፈገግ አሉ፤ መጨረሻው ላይ ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። ምን ስሕተት እንዳለባት ብጠይቃቸው «ጥሩ ናት» ብለው በትሕትና አለፉኝ። ማታ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ብፈትሽ ያስቸገሩኝን ቃላት ሁሉ «አገኘ» ብሎ ይፈታቸዋል። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው?

ዐረፍተ ነገሮቹ እነዚህ ናቸው፤ የእንግሊዝኛውን ግስ ብቻ እንዳለ ትቼዋለሁ። «ጎብኚዎች ትኬታቸውን በር ላይ ኧርን ያደርጋሉ።» «እናቴ ለእንግዶች የምታፈላውን ቡና ከቅዳሜ ገበያ ፕሮኪዩር ታደርጋለች።» «የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የብራና መጻሕፍትን አክዋየር አደረገ።» በዚህ ሳምንት አዲስ ቅጂ ስለማሳትም ቶሎ ብትደርሱልኝ ደስ ይለኛል።

የማራኪ መምህር

ወንድሜ፣ በመዝገበ ቃላቱ አትፍረድበት። የእኛ «አገኘ» ሆደ ሰፊ ነው። የጠፋ በግ ይገኛል፣ ሥራ ይገኛል፣ መድኃኒት ይገኛል፤ መከራም ሰውን ያገኛል። እንግሊዝኛው ይህን ያህል የሚሸከም አንድ ቃል አለው፤ እርሱም ጌት ነው። የቀሩት ግን በር ላይ ይጠይቁሃል፦ በላብህ ነው ያገኘኸው? አመልክተህ ነው? ሰው ሰጥቶህ ነው?

ኧርን የላብ ቃል ነው። ጀርመኖች መከርን የሚጠሩበት ቃል የሥጋ ዘመዱ ነው፤ የዘራ ሰው የሚሰበስበውን ፍሬ አስብ። ደመወዝ በኧርን ይነገራል፤ የሰው አክብሮትም እንዲሁ። ባንክ ያስቀመጥከው ብር ወለድ ሲያፈራ እንኳን ገንዘቡ እንደ ሠራተኛ ተቆጥሮ በዚሁ ግስ ይነገርለታል። ትኬት ግን ማንም አይለፋበትም። «ጌት» በል፤ ክፍያ መኖሩን ለማሳወቅ ከፈለግህ «ባይ» በል። እንግዳዋ ትኬቱን ለማግኘት ድንጋይ ተሸክመው ግንብ የሚጠግኑ መስሏቸው ይሆናል የሳቁት።

«ፐርቸስ»ም መግዛት ነው፤ የደረሰኝና የውል ጠረን ግን አለው። ቃሉ ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲመጣ ማሳደድ ማለት ነበር። ዘይት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስዞር የዋልኩ ዕለት ያ የጥንቱ ትርጉም ባልቀረ ኖሮ እላለሁ።

ከግዥ ክፍል

ሁለተኛዋን ለእኔ ተዋት። አሥራ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ሠርቻለሁ፤ ፕሮኪዩር እንጀራዬ ነው። እናትህ ቡና ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባሉ እንዴ? ቃሉ ለሌላ ሰው ወይም ለድርጅት ተብሎ፣ በሥርዓትና በድካም የሚቀርብ ነገርን ይመለከታል። በዚያ ላይ ለወንዶች ሴት የሚያቀርብ ደላላ ሥራም በዚሁ ግስ ይጠራልና ከእናት ስም ጎን አታስቀምጠው። «ባይ» ወይም «ጌት» ይበቃል። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ «ትሸምታለች» ብለን በአንድ ቃል ገበያውንም ዘንቢሉንም ባሳየን ነበር፤ እንግሊዝኛው ለዚህ የሚሆን ቃል ያለው አይመስለኝም።

ኦብቴይንንም አብረህ ያዝ፤ ለሥራህ ያስፈልግሃል። አመልክቶ፣ ተመላልሶ፣ ማኅተም አስመትቶ የሚገኝ ነገር ኦብቴይን ይደረጋል። ፊልም ለመቅረጽ የመጣ እንግዳህ ፈቃድ የሚያገኘው በዚህ ግስ ነው። ፈቃዱ በፖስታ ተልኮለት ቁጭ ብሎ ቢቀበል ደግሞ «ሪሲቭ» ይሆናል፤ ተቀባዩ እጁን ከመዘርጋት በቀር ምንም አላደረገምና።

የፒያሳው አስጎብኚ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ሳስቃት አመሸሁ። «ጌይን» የሚለውስ? «ልምድ አገኘሁ» ለማለት እጠቀምበታለሁ።

የማራኪ መምህር

ትክክል ነህ። ጌይን በነበረው ላይ የሚጨመር ነው፦ ልምድ፣ ክብደት፣ ፍጥነት። ትኬት አይጨመርብህም።

የጤና ተማሪ

ስለ አክዋየር እኛ ክፍል ውስጥ በየቀኑ እንሰማለን። ኤድስ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ የአራት ቃላት ምሕጻር ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል የቆመው ለዚሁ ቃል ነው። ከተወለዱ በኋላ የመጣ፣ በዘር ያልተወረሰ ለማለት ነው የገባው። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንኳን የሚያልፈው ቫይረሱ ነው እንጂ እንደ ዓይን ቀለም በዘር የሚወረስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቃሉ ውስጥ «ያልነበረኝን፣ ቀስ በቀስ የራሴ አደረግሁት» የሚል ሐሳብ አለ። ሕፃን የእናቱን ቋንቋ አክዋየር ያደርጋል፤ እኛ «ዕውቀት ቀሰመ» የምንለውም ለእርሱ ይቀርባል። ኮረፌ መጀመሪያ ቀምሶ ፊቱን ያኮሳተረ ፈረንጅ በሦስተኛው ቀን ድገሙኝ ሲል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እነርሱ ራሳቸው አክዋየርድ ቴስት፣ ቀስ በቀስ የተለመደ ጣዕም፣ ይሉታል።

የጃንተከል ጥላ

ማንም ሦስተኛዋን ዐረፍተ ነገር አልነካም። እንግዳዋ ፊታቸው የተለወጠው እርሷ ላይ ይመስለኛል።

አክዋየር የሙዚየም ሰዎች ቃል ነው። በስጦታ ይግባ፣ በግዥ፣ በኑዛዜ፣ አንድ ዕቃ ስብስባቸው ውስጥ ሲመዘገብ ሁሉም አክዋየር ተደረገ ይባላል። ለመዝገብ ሠራተኛ ይመቻል፤ በሩን እንጂ መንገዱን አይናገርምና። አንተ ግን የመዝገብ ሠራተኛ አይደለህም፤ የጎንደር ልጅ ነህ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ ወታደሩ አምባውን ዘረፈው። ምርኮው ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስም እዚያ ቆሞ ገዛ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። እንግዲህ ሆልምስ «ፐርቸስ አደረግሁ» ቢል ቃሉ እውነት ነው፤ ከማን እንደ ገዛ ካልተጻፈ ግን ግማሽ እውነት ነው።

ለወታደሩ የሚሆነው ግስ «ሉት» ነው። እርሱም ከሕንድ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ነው፤ በእንግሊዛዊው ጄኔራል ናፒየር የተመራው የመቅደላው ጦርም ከሕንዷ ቦምቤይ ነበር የተነሣው። ቃሉና ወታደሩ ከአንድ አገር መጡ ማለት ነው።

ቀሃ ማዶ

መልካም ብለሃል፤ ግን ከዚያ ብዙዎቹ መጻሕፍት ከእኛው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሄዱ ናቸው። ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም የሰበሰቧቸው ቴዎድሮስ ናቸው፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያቃጥሉ አብያተ ክርስቲያናቱም አልተረፉም። ለእርሳቸውስ የትኛውን ግስ ልትሰጥ ነው? ለእንግሊዙ «ዘረፈ»፣ ለእኛው «ሰበሰቡ»?

የጃንተከል ጥላ

መይሳውን ከሌባ ጎን እንዳቆም አትጠይቀኝ። ሆኖም ጥያቄህ ትክክል ነው፤ «ቴክ» በል፣ ወሰዱ። ወሰደ የሚለው ግስ ፍርድ አይሰጥም፤ አይዋሽምም።

የማራኪ መምህር

ቅር የሚለኝ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዩ የግሪዮል ጉዞ ቡድን እዚሁ ከተማችን መጥቶ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ ሄደ። በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ የሣላቸውን ቅጂዎች አስቀመጠ። ጥንታዊዎቹ አሁን ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ዕቃ ተሰጥቶ ዕቃ ተወስዷልና «ኤክስቼንጅ» ነው የሚል ይኖራል። አሮጌውን ሰጥተህ አዲሱን ብትቀበል በሌላ ነገር ያስደስት ይሆናል፤ በሥዕል ግን እንዴት ተደርጎ! አስጎብኚ ልጄ፣ ቦታ ካለህ ይህንንም ጨምርበት።

የፒያሳው አስጎብኚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትኬቱ «ጌት» ሆኗል። ሦስተኛዋ አሁን ሦስት ዐረፍተ ነገር ሆናለች፦ ቴዎድሮስ መጻሕፍቱን ከጎንደር ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ወታደሮች ዘረፏቸው፤ የሙዚየሙ ሰው ከዝርፊያው በጨረታ ገዛ። አባ እንጦንስ ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ገብቷል፤ ለእርሱ ስል የምግብ ቤቶቹን ዝርዝር ቆርጫለሁ።

ያልተስማማነው በቡናው ብቻ ነው። «ባይ» ብዬ ብጽፍ እናቴ አልወደደችውም። «እኔ የምሸምተው መርጬ፣ ተከራክሬ፣ አስመርቄ ነው፤ ይህን የሚል ቃል ከሌላቸው ቡናውን ብቻ ጻፍና እኔን አውጣኝ» ብላለች።